ጋሽ ወንድምአገኝ የሄደበት ጠዋት

ወሬውን ያመጣልኝ ጀላሉ ነው። የ1994 ዓ.ም. የሰኔ ማርያም ዕለት ነበር። በዓል ቢሆንም ጎማው የተነፈሰበት መንገደኛ አይጠፋምና፣ ሱቄን ገርበብ አድርጌ የውስጥ ጎማ ውኃ ውስጥ እየነከርኩ አረፋ የሚያወጣውን ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ጀላሉ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«ሊሄድ ነው» አለኝ።

«ማን?»

«ጋሽ ወንድምአገኝ። ዛሬ ለቡድኑ ልጆች ነገራቸው። ‹እስከ ሐዋርያት ፍቺ ነው ያለሁት፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ፈልጉ› ብሏቸዋል።»

እጄን ከውኃው ሳላወጣ ቆየሁ። የሰኔ ውኃ በመንዝ አጥንት ይሰብራል፤ ብርዱ ግን አልተሰማኝም።

እኔ ጫኔ እባላለሁ። መሐል ሜዳ መናኸሪያ አጠገብ ጎሚስታ ነኝ። በዚያን ጊዜ ደግሞ የከተማችን እግር ኳስ ቡድን የደጋፊዎች መሪ ነበርኩ። ጀላሉ ከሸዋ ሮቢት ወጥቶ እኛ ዘንድ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው፤ ሜዳ ላይ ከበሮውን የሚመታው እሱ፣ ዘፈኑን የማወጣው እኔ። ቡድናችን በወረቀት ላይ ሌላ ስም ነበረው፤ ሰው የሚያውቀው ግን «ጭላዳ» በሚለው ነው። የማልያችን ደረት ቀይ ስለሆነ የጎረቤታችን የዘመሮ ከተማ ልጆች ጓሳ ተራራ ላይ ካለው ጭላዳ ዝንጀሮ ጋር አመሳስለው ሊሰድቡን አወጡት። እኛ ወደድነው፤ ስማችን ሆኖ ቀረ።

ወንድምአገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህርና የጭላዳ አሠልጣኝ ነበር። የመርሐቤቴ፣ የዓለም ከተማ ሰው ነው። ቆላ ስላደገ በእኛ ብርድ ሁለት ሹራብ ደርቦ ነበር ሜዳ የሚገባው። በዕድሜ እኩያዬ ቢሆንም «ጋሼ» እለው ነበር፤ ከተማው በሙሉ እንደዚያው።

እሱ በመጣ በዓመቱ የኤርትራ ጦርነት ተነሣ። ከቡድኑ ዘጠኝ ልጆች ተመዝግበው ወደ ሰሜን ሄዱ። የተመለሱት አራት ናቸው፤ አንዱም ክራንች ይዞ። በዚያ ጊዜ እሑድ ከሰዓት በሜዳው አጠገብ ማለፍ ያስፈራ ነበር። ሣሩ ያለ ከልካይ አድጎ፣ የባሕር ዛፍ ጎሉ ብቻውን ቆሞ፣ ነፋስ በመካከሉ ሲያልፍ ያፏጫል። ጋሽ ወንድምአገኝ ግን አንድ እሑድ አልቀረም። የቀሩትን ሦስት ልጆች ይዞ ዙሪያውን ያሮጣቸው ነበር። ቆይቶ አምስት ሆኑ፤ ስምንት ሆኑ፤ አሥራ አንድ ሞሉ። የልጇን መርዶ የሰማች እናት ሳትቀር የበግ ጠጉር ባናዋን ተከናንባ ሜዳው ዳር መቀመጥ ጀመረች። ያኔ ነው በስሙ ዘፈን ያወጣሁለት፦

«ወንድም አገኘን፣ ወንድም አገኘን፣
እንግዲህ ማንም አይነካን።»

ስለዚህ ጀላሉ «ሊሄድ ነው» ሲለኝ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ባዶ ሜዳ ነው። ያዘንኩ አይምሰላችሁ፤ ኀዘኑ በኋላ ነው የመጣው። ያን ዕለት የያዘኝ ፍርሃት ነው።

በማግሥቱ ሳይመሽ ጀላሉ ሱቅ ጓዳ ተሰበሰብን። አሥራ ሁለት እንሆናለን። በዚያ ዘመን አሥር ሰው አንድ ቤት ከገባ «የምን ስብሰባ ነው?» የሚል አይጠፋምና፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ በሩንም ዘግተን ነበር። ሁሉም የፈራውን ይናገራል። አንዱ «የደብረ ብርሃን ቡድን አባብሎት ነው» ይላል። ሌላው «እሱ ከሄደ ልጆቹም ይበተናሉ፤ ከርሞ ቡድን የለም» ይላል። አንድ ሽማግሌ አናጢ ደግሞ «እኔ የሟቹን ልጄን ማልያ ማን ላይ ነው የማየው?» አሉ።

አንድ ነገር ግን ማናችንም አላነሣንም።

በግንቦት ወር ከዘመሮ ጋር በሜዳችን ተጫውተን አንድ ለባዶ ተሸንፈን ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በረኛችን ይታየው እጅ የገባችው ኳስ አፈትልካ ጎል ገባች። ያን ቀን ብናሸንፍ ኖሮ ዋንጫው የእኛ ነበር። ጨዋታው እንዳለቀ ከሜዳ የወጣነው ቤታችን ለመግባት ነው። መንገዱ ግን በእነ ይታየው ቤት በኩል ያልፋል። እዚያ ስንደርስ አንድ ሰው ቆመ፤ ሁለተኛው ቆመ፤ ሁለት መቶ ሰው ሆንን። ይታየው የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ ከእናቱ ከእትዬ ጠጄ ጋር ብቻውን ይኖራል። በሩ ተዘግቶ ነበር። መዝፈን ጀመርን፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። «ዘፈን ብቻ ነበር» እያልኩ ብዙ ቀን ራሴን አታልያለሁ። ነገር ግን ጀምበር ስትጠልቅ የመጀመሪያው ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ አረፈ፤ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ስንት እንደወረደ የቆጠረ የለም። እኔ አልወረወርኩም። እኔ ዘፈን ነበር የማወጣው።

ይታየው በማግሥቱ ከተማውን ለቆ ጠፋ። ጭላዳ ቀሪውን ጨዋታ በተጠባባቂ በረኛ ጨረሰ። ስለዚያ ቀን ያወራ አልነበረም፤ ጋሽ ወንድምአገኝም ቢሆን አንድ ቃል አልተናገረንም። ሰላምታው ግን ቀነሰ። ሲያየን ከሩቅ እጁን ያነሣና በሌላ መንገድ ይታጠፍ ነበር። እኛ ሽንፈቱ አብግኖት ነው ብለን ነበር።

ሦስት ሽማግሌ ላክንበት። ሄደው፣ ተቀምጠው፣ ለምነው ተመለሱ።

«ቆርጧል፣ ልጄ» አሉኝ አንደኛው። «‹አልቀየምኩም፤ ግን አልቀርም› ነው የሚለው። ምክንያቱን ብንጠይቀው አንገቱን ደፋ። እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ታሞም እንደሆን እንጃ።»

ባለቤቴ ጌታነሽ ይህን ስትሰማ «እስቲ ሰውየውን ተዉት» አለችኝ። «ሰው በፍቅር ይታሠራል እንዴ?»

«አንቺ ኳስ አታውቂም።»

«ኳስ አላውቅም፤ ሰው ግን አውቃለሁ። እናንተ ስለ እሱ መሄድ ስታለቅሱ ያን ምስኪን ልጅ የት ገባ ያለ አለ?»

ተቆጥቼ ወጣሁ። ሰው መልስ ሲያጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ወንድምአገኝ ሐምሌ ስድስት፣ የሐዋርያት ጾም በተፈታ ማግሥት፣ በጠዋቱ አውቶቡስ እንደሚሄድ ሰምተናል። ከከተማው ወጣ ብሎ መንገዱ ቁልቁል የሚታጠፍበት፣ «ጠማማው» የምንለው ቦታ አለ፤ በቀኝ ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ፣ በግራ ገደል ነው። እዚያ መንገዱን በድንጋይ እንዘጋዋለን፤ አውቶቡሱ ይቆማል። ከዚያ ሁላችንም ከላይ ከበሮ እየመታን እንወርድና፣ እንደ ወጉ ድንጋይ አንገታችን ላይ ተሸክመን እግሩ ሥር እንወድቃለን። የመንዝ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲለምነው «እምቢ» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

ሁሉም ወደደው። ጀላሉ ብቻ አገጩን እያሻሸ «ሌላ መንገደኛም አለ እኮ፣ ጫኔ» አለ።

«ለሩብ ሰዓት ቢቆሙ ምን ይሆናሉ?» አልኩት።

በሐዋርያት ዕለት ከሰዓት በኋላ የአውቶቡሱ ሾፌር ጋሽ ገብረ አማኑኤል የፊት ጎማቸውን ሊያስለጥፉ ሱቄ መጡ። አሮጌ ሰው ናቸው፤ ያን መንገድ ሃያ ዓመት ነድተውበታል። ጎማውን ስፈታ አጠገቤ ዱካ ላይ ተቀምጠው ያወሩ ነበር።

«ፍሬኑም ሰንፏል» አሉኝ። «ሁለት ሦስት ጊዜ ካልረገጥኩት አይዝልኝም። ነገ ደብረ ብርሃን ስደርስ አሳየዋለሁ።»

«ይሻላል» አልኳቸው። ጆሮዬ ሰምቷል፤ ልቤ ግን ድንጋዩን ከየት እንደምናመጣው እያሰበ ነበር። ጎማውን ለጥፌ፣ ነፍቼ ስሰጣቸው መርቀውኝ ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስምንት ሆነን ጠማማው ደረስን። ሰማዩ ከባድ ነበር፤ ዝናብ ግን የለም፤ መንገዱም ወደ ላይ እስከ ከተማው መውጫ ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። አውቶቡሱ በክረምት ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው። ከግድግዳው ሥር የተናደውን ድንጋይ፣ ትልልቁን ለሦስት ለአራት ሆነን እያንከባለልን፣ ከግድግዳው ጥግ እስከ ገደሉ አፍ መንገዱን ዘጋነው። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ደረሰ። እየሳቅን ነበር የምንሠራው። ከዚያ ሰባቱ በአቋራጭ ሽቅብ ወጥተው ከጀላሉና ከቀሩት ደጋፊዎች ጋር ለመቀላቀል ሄዱ። እኔ አውቶቡሱ ሲቆም ሾፌሩን ለማነጋገር ብቻዬን ቀረሁ።

ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሣ።

ደገኛ ነኝ፤ ጉም አላውቅም አልልም። የሐምሌ ጉም ግን አንዳንዴ እንደ ውኃ ነው የሚሞላው። መጀመሪያ ገደሉ ጠፋ። ቀጥሎ ማዶ ያለው ግድግዳ ጠፋ። ዘወር ስል የደረደርነው ድንጋይ ራሱ ጠፍቷል፤ ከእኔ እስከ እሱ አሥር እርምጃ አይሞላም። እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን አየኋቸው፤ እነሱም የሌላ ሰው ይመስሉ ነበር።

ያኔ ነው የጋሽ ገብረ አማኑኤል ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ የመጣው፦ «ሁለት ሦስት ጊዜ ካልረገጥኩት አይዝልኝም።»

እውነቴን ነው፤ መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ስጨፍን የማየው አውቶቡሱን ነው፤ ከጉሙ ብቅ ሲል፣ ድንጋዩን ሲያይ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ። በግራ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ከታች ወንዙ እንኳን አይሰማም፤ ያን ያህል ጥልቅ ነው። አርባ ሰው። ጋሽ ወንድምአገኝ በመስኮት በኩል ተቀምጦ ይሆናል።

ተነሥቼ ድንጋዩ ላይ ወደቅሁበት። ትንንሾቹን እየወረወርኩ ወደ ገደሉ ጣልኳቸው። ሲወርዱ ድምፃቸውን እጠብቅና አልሰማውም፤ ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። ትልልቆቹን ግን አንዱን እንኳን ማነቃነቅ አልቻልኩም። ለአራት ያመጣነውን ድንጋይ በጀርባዬ፣ በእግሬ፣ በደረቴ ገፋሁት። ጥፍሬ ተነቀለ። «እመብርሃን፣ እመብርሃን» እላለሁ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። የጓደኞቼን ስም እየጠራሁ ጮኽኩ። ጉሙ ድምፄን አፌ ላይ አፈነው።

ከዚያ ጡሩንባ ሰማሁ።

ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከኋላዬ፣ አንዴ ከገደሉ ውስጥ የመጣ ይመስላል። ቀጥሎ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ። ሽቅብ ሮጥኩ። ጭቃው ያንሸራትተኛል፤ በእጄም በእግሬም እየዳኽኩ ወጣሁ። መቶ እርምጃ ይሁን ሁለት መቶ፣ አላውቅም። ሁለት የደከሙ መብራቶች ከፊቴ ብቅ አሉ። መሐል መንገድ ላይ ቆምኩና እጄን እያወናጨፍኩ «ቁም! ቁም! መንገድ የለም!» እያልኩ ጮኽኩ።

ጋሽ ገብረ አማኑኤል አዩኝ። ፊታቸውን በመስታወቱ ውስጥ አየሁት፤ አፋቸው ተከፍቶ ነበር። ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል፤ ፍሬኑን ይረግጣሉ፣ ይረግጣሉ። አውቶቡሱ ግን ይመጣል። በመጨረሻ መሪውን በሙሉ ክንዳቸው ወደ ቀኝ ጠመዘዙት። እኔ ወደ ገደሉ በኩል ዘልዬ ጠርዙ ላይ ወደቅሁ። አውቶቡሱ ግድግዳውን እየፋቀ፣ ቆርቆሮው እየጮኸ፣ በአጠገቤ አለፈ። ከዚያ አንድ ትልቅ ነገር ሲወድቅ የሚመስል ድምፅ ተሰማና ጸጥ አለ።

ቀጥሎ ሕፃን አለቀሰ፤ ሴቶች መጮኽ ጀመሩ።

ስደርስ አውቶቡሱ የቀኝ ጎማዎቹ ቦይ ውስጥ ገብተው፣ ግድግዳው ላይ ጋደል ብሎ ቆሟል። ድንጋዩ ከፊቱ ስምንት እርምጃ ላይ ነበር። የሞተ አልነበረም። ወደ ደብረ ብርሃን ቅቤ ይዛ የምትሄድ ዓለሚቱ የምትባል ሴት ክንዷ ተሰብሮ ትቃትታለች። ሰው በበሩም በመስኮቱም ይወጣል። ጋሽ ወንድምአገኝ መጨረሻ ላይ ወጣ። ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ቅንድቡ ላይ ይወርዳል። ሻንጣውን አቅፎ ነበር።

«ጋሼ...» አልኩ።

አየኝ፤ ቀጥሎ ከፊት ያለውን ድንጋይ አየ፤ እንደገና እኔን አየ። ገባው። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሸሸ።

በዚህ መካከል ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ከበሮ መጣ። ጓደኞቼ የሆነውን አያውቁም። አውቶቡሱ እንደቆመ ሰምተው በተባባልነው መሠረት እየወረዱ ነው። መቶ ያህል ሰው በአንድ ድምፅ ይዘፍናል፦ «ወንድም አገኘን፣ ወንድም አገኘን።» ያን ዘፈን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ሺህ ጊዜ ዘፍኜዋለሁ። ያን ጠዋት ከጉሙ ውስጥ ሲመጣ ግን ጸጉሬ ቆመ። የሚዘፍነው ሰው አይታይም። ድምፁ ብቻ ነው የሚቀርበው። አንዲት ሴት «ሽፍታ ነው! ሽፍታ!» ብላ ጮኸች፤ መንገደኛው ተደናግጦ አውቶቡሱ ጥግ ላይ ተጨናነቀ።

ከዚያ ብቅ አሉ። እያንዳንዱ ሰው ድንጋይ ከፍ አድርጎ ይዟል፤ አንገቱ ላይ ሊያደርገው።

ጋሽ ወንድምአገኝ ሻንጣውን ጣለ። በሁለት እጁ ራሱን ሸፍኖ ጎማው ሥር ተኮማተረ።

«በእናታችሁ» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። «በእናታችሁ፣ አትግደሉኝ።»

ከበሮው ቆመ። ጀላሉ ከፊት ነበር፤ ከአንገቱ ከበሮው ተንጠልጥሎ፣ ዓይኑ ከጋሽ ወንድምአገኝ ወደ ተጋደመው አውቶቡስ፣ ከአውቶቡሱ ወደ እኔ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ልንለምንህ ነው እኮ» አለ። «ድንጋዩ የልመና ነው። ወላሂ ልንለምንህ ነው።»

ሰዉ አንድ በአንድ ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጋሽ ወንድምአገኝ ብዙ ቆይቶ እጁን ከራሱ ላይ አወረደ። ለመቆም ሲሞክር ልደግፈው እጄን ዘረጋሁ፤ አልያዘኝም። አውቶቡሱን ተደግፎ ቆመ።

«ለምን እንደምሄድ ትጠይቁኛላችሁ» አለ። «ሽማግሌ ላካችሁብኝ። ምን ልበላቸው? ፈርቻችሁ ነው የምሄደው።»

«እኛን?» አልኩት። «እኛ አንተን እንነካለን?»

«በግንቦት እነ ይታየው ቤት ውስጥ እኔም ነበርኩ፣ ጫኔ። ልጁ ኳስ ስላመለጠችው እያለቀሰ ነበርና ላጽናናው ከእናንተ ቀድሜ ገባሁ። በሩ ተዘግቶ እናንተ መጣችሁ። እትዬ ጠጄ፣ ልጁና እኔ ከአልጋው ሥር ገባን። ድንጋዩ ቆርቆሮውን በስቶ አልጋው ላይ ይወድቅ ነበር። እትዬ ጠጄ በልጃቸው ላይ ተኝተውበት ነበር። እናንተ ግን ምን ትዘፍኑ ነበር? የእኔን ስም። ወጥቼ ‹ተዉ› ልላችሁ ስል እግሬ እምቢ አለኝ። አሠልጣኝ ነኝ፤ ተጫዋቼን ማስጣል ሲገባኝ ከአልጋ ሥር ተደበቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ ሲመጣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ስታሸንፉም፣ ስትሸነፉም፣ ስትዘፍኑልኝም። ከርሞ አንድ ጨዋታ ብሸነፍ የማን ቤት እንደምትመጡ አላውቅም።»

ጉሙ ውስጥ መቶ ሰው ቆሞ የሚሰማው የዓለሚቱ ማቃሰት ብቻ ነበር።

እኔ ልል የፈለግሁት ብዙ ነበር። «እኔ አልወረወርኩም» ልል ነበር። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ቀረ፤ የተፋቀውን ቆርቆሮ እያየሁ እንዴት እላለሁ? «ይህን ድንጋይ ያስደረደርኩት እኔ ነኝ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። ጋሽ ገብረ አማኑኤል መሪያቸው ላይ ተደፍተው ነበር፤ ቀና ብለው አዩኝ።

«ትናንት ነግሬህ» አሉ። «ፍሬኑን ነግሬህ ነበር፣ ጫኔ።»

ከዚህ የበለጠ የሚያም ነገር ሰው ተናግሮኝ አያውቅም።

ድንጋዩን አነሣን። አውቶቡሱን መቶ ሰው ሆነን ከቦዩ አወጣነው። የዓለሚቱን ክንድ በጀላሉ ጨርቅ አሥረን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ላክናት። ጋሽ ገብረ አማኑኤል ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቀው፣ በመጀመሪያ ማርሽ እየተንቀራፈፉ ወረዱ። ጋሽ ወንድምአገኝ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ ነበር። ግንባሩን በመሐረብ ይዟል። ማንም እጁን አላወዛወዘም፤ እሱም ወደ እኛ አልዞረም።

እኔ ከዚያው በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ጀላሉ ሳልጠራው ከኋላዬ መጣ። «ከበሮውን የመታሁት እኔ ነኝ» አላቸው። አምስት አምስት ወር ታሠርን። ጌታነሽ ስንቅ ስታመጣልኝ አንድ ቀን እንኳን «ብዬህ ነበር» አላለችም። አብረውኝ የታሠሩት ማታ ማታ ስለ ኳስ ሲያወሩ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር።

ስፈታ መጀመሪያ የሄድኩት እትዬ ጠጄ ዘንድ ነው። በሩን ከፍተው አዩኝ፤ «ግባ»ም «ሂድ»ም አላሉኝም። ደጃፉ ላይ ቆሜ ያደረግሁትን ነገርኳቸው፤ ከዘፈኑ ጀምሬ፣ አንድም ሳልደብቅ። ሰምተው ሲጨርሱ «ልጄ አጣዬ ነው ያለው፤ ግንበኛ ሆኗል» አሉኝ። «እንዲመለስ አትለምነው። እኔም አልለመንኩት።» ከዚያ ቀስ ብለው በሩን ዘጉ። የቆርቆሮውን ቀዳዳዎች ለመድፈን ፈቃዳቸውን በሰው ጠየቅሁ፤ አልፈቀዱልኝም። ጎረቤቶቻቸው ደፈኑላቸው።

ጭላዳ ሁለት ዓመት አልተጫወተም። በሦስተኛው ዓመት አንድ ወጣት መምህር መጥቶ ልጆች ሰበሰበ። ደጋፊዎቹ እንድመራቸው ለመኑኝ። «ዘፈን የሚያወጣ ሰው የለም» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ጨዋታ ሲኖር እሄዳለሁ፤ ከጎሉ ጀርባ፣ ሰው በሌለበት በኩል እቆማለሁ። ሰዉ በአንድ ድምፅ መጮኽ ሲጀምር ልቤ ይመታል፤ የጉም ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ይህ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

በ1998 ዓ.ም. አሮጌ ጎማ ልገዛ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ጉዳዬን ስጨርስ ወደ ቤቴ መመለስ ሲገባኝ፣ እግሬ ወደ ዓለም ከተማ አውቶቡስ ወሰደኝ። የጀማን ወንዝ ተሻግረን እስክንወጣ ቀኑን ሙሉ የምለውን ስደረድር ነበር። «ይቅር በለኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሌላስ ምን አለኝ? በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ደብዳቤ ጽፌለት ነበር፤ መልስ አልመጣም።

በማግሥቱ ከሰዓት ሰው ጠይቄ ሜዳውን አገኘሁት። ከአጥሩ ውጭ አንድ ግራር ሥር ቆምኩ። እዚያ ነበር። ትንንሽ ልጆች ሰብስቦ ኳስ በእግር የውስጥ ጎን ማቆም ያስተምራቸዋል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሙቀት ስለሆነ በካናቴራ ብቻ ነበር። አንዷ ልጅ ኳሷን በትክክል ስታቆም አጨበጨበላትና ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜ ሆነ!

ልጠራው አፌን ከፈትኩ።

በዚያው ቅጽበት በመንገዱ ላይ የሚያልፍ አንድ የሚያውቀው ሰው «ወንድምአገኝ!» ብሎ በጨዋታ ጮኸበት። ጋሽ ወንድምአገኝ ደነገጠ። ትከሻው ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ እጁ ወደ ራሱ ሊሄድ ብሎ አየር ላይ ቆመ። ዘወር ብሎ ሰውየውን ሲያውቀው ነው የተነፈሰው። ሰላምታ መለሰለትና ፊሽካውን ነፍቶ ልጆቹን አሰለፈ።

እኔ አፌን ዘጋሁ። የሚመለሰው አውቶቡስ ሊነሣ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሰላም ሳልለው፣ መምጣቴን ለማንም ሳልናገር፣ ወደ መናኸሪያው ወረድኩ።